በብርጭቆዎቹ መሃል የገባው ጨርቅ

ፈሪ ነኝ። ይኼን የማያውቅ ዘመድ የለኝም። «ፈሪ ለእናቱ» ይባላል፤ እኔ ግን ከወለድኩ ወዲህ ፍርሃቴ ሁሉ ለልጄ ሆነ። መርሳ፣ ዋናው መንገድ ዳር በነበረው ቤታችን የኖርኩባቸውን ዓመታት ሳስታውስ ፊት ለፊቴ የሚመጣው ቡፌው ነው። መኪና መምጣቱን ከጆሮዬ ቀድመው የሚያውቁት ቡፌው ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ነበሩ። መጀመሪያ ዳር ያለችው ቅጭል ትላለች፣ ቀጥሎ ጎረቤቷ፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ መንቃጨል ይጀምራሉ። መኪናው ሲያልፍ አንድ በአንድ ዝም ይላሉ።

ከደሴ በኩል የሚመጣው ተሳቢ ውርጌሳን አልፎ ቁልቁለቱን ይወርድና የእኛ አጥር ጥግ ላይ ሲደርስ ይታጠፋል። መታጠፍ አለበት። ካልታጠፈ የሚገባው እኛ ቤት ነው።

ይኼንን ስንገዛው አላወቅንም። እኔ የመርሳ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ፣ ባለቤቴ ወልድያ መሥሪያ ቤት ይሠራል፣ ቅዳሜ መጥቶ ሰኞ ማለዳ ይመለሳል። ቤቱን የገዛነው ከአንዲት ባላቸው ከሞተባቸው አሮጊት ነው። እሑድ ጧት ነበር ያሳዩን። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ከጓሮ ማንጎው ዛፍ ላይ ወፎች ይንጫጫሉ። አሮጊቷ የሚኖሩት ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። በመንገዱ በኩል ያለውን፣ ሁለት መስኮት ያለውን ሰፊ ክፍል ግን የማሽላ ጆንያ ሞልተውበታል። ጆንያው በመንገዱ በኩል ካለው ግድግዳ ጋር ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። «እንዲህ ያለ ሳሎን መጋዘን ይደረጋል?» ብዬ ለባለቤቴ አንሾካሾክኩለት። «ምስኪን፣ ኑሮ አያውቁም» አልኩ። ቁልፉን በተረከብን በሳምንቱ ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ፣ መስኮቱ ላይ ሰማያዊ መጋረጃ ሰቀልኩ፣ ከመስኮቱ ሥር የአራት ዓመት ልጄን አልጋ ዘረጋሁ። ኑሮ የማያውቀው ማን እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ሽንኩርት እልጣለሁ። ልጄ አልጋዋ ላይ ተኝታለች። ብርጭቆዎቹ መንቃጨል ጀመሩ። ለምጄዋለሁና ቀና አላልኩም። ሁልጊዜ ድምፁ ይጨምርና መልሶ ይቀንሳል፤ የዚያን ቀን ግን ጨመረ፣ ጨመረ፣ አልቀነሰም። ከዚያ ጡሩምባ ሰማሁ፣ ሳያቋርጥ የሚጮህ ጡሩምባ። እናት በእንዲህ ያለ ሰዓት ወደ ልጇ ትሮጣለች ይባላል። እኔ አልሮጥኩም። ቢላውን እንደያዝኩ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። አጥሩ ሲሰበር፣ በረንዳው ሲናጥ፣ ግድግዳው ሲጮህ ሁሉን ቆሜ ሰማሁ። ሁሉም ዝም ሲል ነው እግሬ የታዘዘልኝ።

ሲሚንቶ የጫነው ተሳቢ አፍንጫውን በረንዳችን ላይ አሳርፎ ቆሟል። ከግድግዳው የረገፈ ምርጊት የልጄ ፀጉርና አንሶላ ላይ ተበትኗል። ነቅታ ተቀምጣለች። «እማዬ፣ ለምን አፈር ጣልሽብኝ?» አለችኝ። ሾፌሩ ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል፤ «ፍሬን እምቢ አለኝ፣ እምቢ አለኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረውም። ከእኛ የሞተው አንዲት ዶሮ ብቻ ነበር።

ከአጥር ወዲያ የሚኖሩት ጎረቤታችን፣ አንዲት ትልቅ ሙስሊም ሴት፣ ውሃ በጆግ ይዘው መጡ። ለሾፌሩም ለእኔም አጠጡን።

«አልሐምዱሊላህ! ይኼም በሰላም አለፈ። የፊተኛው እኮ ግድግዳውን ጥሶ ጆንያው ላይ ነው የቆመው» አሉ።

«የፊተኛው? ከዚህ በፊትም ገብቷል?»

«ይኼ ሦስተኛው ነው የኔ ዓለም።»

ውሃው ከእጄ ፈሰሰ። «እና ስንገዛ መጥተን ጠይቀንዎት የለም እንዴ? ጥሩ ቤት ነው አላሉንም?»

«ወላሂ ክፋት አስቤ አይደለም። የሰው ገበያ እንዴት ይሰበራል? ባልቴቷ ቤታቸውን ሽጠው ልጃቸው ዘንድ ሊጦሩ ነው፤ እኔ ምን ብዬ ልጥለፋቸው? አንቺም ነገ ብትሸጪ ገበያሽን አልሰብርብሽም።»

ልቆጣቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን ይኼ የሁላችንም ልማድ ነው። ገዢ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ጎረቤትም ስለሚሸጥ ቤት ደግ ደጉን ብቻ ይናገራል። እኔም ለሌላ ሰው እንደዚያው ብዬ አውቃለሁ። የዚያን ዕለት ማታ ባለቤቴ ወሬውን ሰምቶ ከወልድያ መጣ፤ የልጄን አልጋ ወደ ኋላ ክፍል ጎትተን ሦስታችንም እዚያች ጠባብ ክፍል ገባን። አሮጊቷ የኖሩባት ክፍል ናት። የማሽላው ጆንያ ለምን እንደተደረደረ ለባለቤቴ ማስረዳት አላስፈለገኝም። 

መሸጥ አለብን አልን። አራተኛው ሳይመጣ ሸጠን ወልድያ እንገባለን። ሳይሸጥ ወልድያ ቤት ተከራይቶ መኖር በደመወዛችን አይሞከርም ነበር። ግን ያ ዓመት የቤት ገበያ የሞተበት ዓመት ነው። ቀበሌው ለነዋሪው በማኅበር ቦታ ሊያድል ነው የሚል ወሬ ተነዝቶ፣ መርሳ ያለ ሰው ሁሉ ስሙን አስመዝግቦ ይጠብቃል። ስብሰባ ላይ «በቅርቡ» ይባላል፤ «በቅርቡ» ሲባል ክረምት ይገባል፣ ክረምት ይወጣል። ነገ ቦታ አገኛለሁ ያለ ሰው ዛሬ ለምን የሰው ቤት ይገዛል? ሊያዩ የሚመጡትም ሥራ ፈትተው የሚመጡ ይመስለኝ ነበር።

ደላላችን ጃንጥላቸው ከእጃቸው የማይለይ ሽማግሌ ነበሩ። ገዢ ከማምጣታቸው በፊት ብቻቸውን መጥተው ቤቱን ዞሩት። ሳሎኑ መሃል ቆመው ሳለ ተሳቢ አለፈ። ብርጭቆዎቹ ተንቃጨሉ። ሽማግሌው ወደ ቡፌው ዞረው ትኩር ብለው አዩት።

«እነዚህን ወሬኞች ዝም አሰኚያቸው» አሉኝ።

«እንዴት አድርጌ?»

«በመሃል በመሃላቸው ጨርቅ ክተቺ።»

ያረጀ አንሶላ ቀድጄ በየብርጭቆው መሃል ቁራጭ ቁራጭ ጨርቅ ሸጎጥኩ። ከዚያ ሽማግሌው ሕጋቸውን ነገሩኝ። ቤት የሚታየው እሑድ ጧት ብቻ ነው፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ተሳቢ ሳይበዛ። ገዢ በዋናው በር አይገባም፤ በጓሮ በኩል ዞሮ ማንጎውን ቀድሞ ማየት አለበት። ራዲዮ ይከፈታል። የተሰበረው አጥር ላይ አዲስ ቆርቆሮ ስለተመታ፣ ስለ አጥሩ ከተጠየቅኩ «አሳደስነው» ማለት ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉንም እሺ አልኩ።

«አሁን የቀረሽ የልጅቱ አልጋ ነው» አሉ። «ወደ ፊት ክፍል መልሺው።»

«አባባ፣ እዚያ ክፍል ልጄን አላስተኛም!»

«ማን አስተኚያት አለሽ? አልጋውን ነው ያልኩሽ። ሰፊው ክፍል ባዶ ሆኖ እናንተ ጓዳ ታጭቃችሁ ያየ ገዢ ምን ይላል? ይጠረጥራል። የልጅ አልጋ ያየ ግን ልቡ ያርፋል።»

«ብጠየቅስ?»

«ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ማታ ከባለቤቴ ጋር አልጋውን ተሸክመን ወደ ፊት እናወጣለን፣ እሑድ ከሰዓት ተሸክመን ወደ ኋላ እንመልሳለን። ልጄ ጨዋታ መስሏት እየሳቀች ትከተለናለች። ከሲሪንቃ የመጣች ሴት አየችው፣ «እናስብበት» ብላ ሄደች። አንድ የባንክ ሠራተኛ አየው፣ «ቦታው ከተሰጠኝ በኋላ ብንነጋገርስ?» አለ። አንድ የሱቅ ነጋዴ ከሚስቱ ጋር መጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ዋጋ የጠየቀ ሰው እሱ ነበር። ሚስቱ ጓዳውን እያየች ሳለ ልጄ ሮጣ ሄዳ የፊት ክፍል አልጋዋ ላይ ተጋደመች። እንግዶቹ አዩዋትና ፈገግ አሉ። ደላላውም ፈገግ አሉ።

እኔ ግን በዚያች ደቂቃ አንድ ያላሰብኩት ነገር ገባኝ። ብርጭቆዎቹን ዝም አሰኝቻቸዋለሁ። መኪና ቢመጣ የሚነግረኝ የለም። ራዲዮው ይዘፍናል፣ ነጋዴው ስለ ጣሪያው ይጠይቀኛል፣ እኔ ጆሮዬን አቁሜ ከራዲዮው ሥር የሞተር ድምፅ እፈልጋለሁ። ይመጣል ወይስ አይመጣም? እግሬ ሥር ወለሉ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ወለሉ ይሁን እግሬ ይሁን እስካሁን አላውቅም። ዘልዬ ልጄን ከአልጋው ላይ በአንድ እጇ አንጠልጥዬ ጓሮ ይዣት ወጣሁ። ልጅቷ ደንግጣ አለቀሰች። ምንም አልመጣም፤ ያለፈው ባዶ ፒክአፕ ነበር።

ነጋዴውና ሚስቱ ተያዩ። «ምን ሆነሽ ነው?» ሲለኝ የልጄን እንባ መጥረግ ያዝኩ። የዚያኑ ቀን ደላላው ብቻቸውን ተመልሰው መጡና፣ «እንደቀረበ ገዢ የሚርቅ የለም። አንቺ ነሽ ያባረርሽው» ብለው ጃንጥላቸውን መሬቱ ላይ መቱ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አፌን አልይዝም ነበር። ያኔ ግን እውነታቸውን ነበር።

ክረምት ገባ። ዝናብ ሲዘንብ አስፋልቱ ያብለጨልጫል፣ የጎማ ድምፅ ይረዝማል። የክረምት ማጠናከሪያ ሳስተምር፣ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ጡሩምባ ስሰማ ጠመኔው እጄ ውስጥ ይሰበራል። ልጄን እንደ ድሮው ለጎረቤቴ አደራ ብዬ መሄድ ስለፈራሁ ክፍል ውስጥ ከኋላ ዴስክ አስቀምጣት ጀመር። ርእሰ መምህሩ ሁለት ጊዜ ገሠጹኝ፣ ሦስተኛ ጊዜ ግን ፊቴን አይተው ተዉኝ። ባለቤቴ «ከስተሻል» ይለኛል። እሱ አምስት ቀን ወልድያ ያድራል፣ እኔ አምስት ቀን ከብርጭቆዎቹ ጋር አድራለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጨርቁን አውጥቼ እንዲንቃጨሉ እተዋቸዋለሁ፣ እሑድ ጧት መልሼ እሸጉጣለሁ።

መስከረም ላይ አንድ ወጣት ባልና ሚስት መጡ። እሱ ጎሚስታ ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ በተከራያት ቆርቆሮ ቤት ጎማ ይጠግናል። እሷ የውርጌሳ ልጅ ናት፣ አዲስ ሙሽራ፣ ሆዷ ገና ገፋ ማለት ጀምሯል። እሱ ከደላላው ጋር አጥሩንና ግቢውን ሲለካ እሷ ብቻዋን ከእኔ ጋር ገባች። ብዙ አትናገርም። ሳሎኑን ዞር ዞር ብላ አየች። ቡፌውን ከፈተች፣ ወደ ውስጥ አየች፣ መልሳ ዘጋችው። ሰው የሰው ቡፌ ይከፍታል ብዬ በሆዴ ታዘብኳት። ከዚያ መጥታ የልጄ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እጇን አንሶላው ላይ አሳረፈች።

«እትዬ፣ ልጅዎ እዚህ ነው የምትተኛው?» አለችኝ።

«አልጋዋ ይኼ ነው» አልኳት።

ውሸት አልተናገርኩም ብዬ በዚያች መልሴ ኮራሁ። ሙሽራዋ ፊቴን ቆይታ አየችው። ሌላ ነገር እንድጨምር የምትጠብቅ ትመስል ነበር። እኔ መጋረጃውን አስተካከልኩ። «እሺ» ብላ ተነሣች።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ደላላው እየሮጡ መጡ። ዋጋ ሰጥተዋል። ባለቤቴ አቀፈኝ፤ እኔ ግን ደስታዬን ልይዘው ብል አልጨበጥ አለኝ። በዓይኔ ላይ የሚመጣው አንሶላው ላይ ያረፈው የሙሽራዋ እጅ ነው። ሌሊቱን ለባለቤቴ «እንንገራቸው» አልኩት። «ነግረን ማን ይገዛናል? ልጃችንስ?» አለ። እውነቱን ለመናገር፣ መልስ እንዳይኖረኝ ፈልጌ ነበር።

ወሎ ላይ ያለ ምርቃት ሽያጭ አያልቅም። የውሉ ቀን ማንጎው ሥር ተቀመጥን፤ ሽማግሌዎች፣ ምስክሮች፣ ጎረቤታችንም ነበሩ። ከፈረምን በኋላ ደላላው፣ «በይ እንግዲህ፣ ቤቱ የሚቀናው በባለቤቷ አፍ ነው፤ መርቂያቸው» አሉኝ። ሁሉም መዳፉን ዘረጋ። እኔም ዘረጋሁ።

«የልጅ ቤት ያድርግላችሁ» አልኩ። «ክፉ አይግባበት።»

«አሜን!» አሉ። ምን ሊገባበት እንደሚችል ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ጎረቤቴ ፊታቸውን ወደ መሬት ደፍተው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ዱዓ ያደርጉ ይሆናል። ገበያዬን አልሰበሩብኝም።

ወልድያ ከአስፋልቱ ራቅ ባለ ሰፈር ቤት ያዝን። ቡፌው ስለከበደን ከነብርጭቆዎቹ፣ ከመስኮቱ መጋረጃ ጋር ለገዢዎቹ ትተንላቸው ነበር የመጣነው። ከባጃጅ በቀር መኪና የማይሰማበት ሰፈር ነው፤ ልጄ ምንም ሳትሰማ ታድራለች። እኔ ግን ፍርሃቱ አብሮኝ ጓዙን ጠቅልሎ መጥቷል። መጀመሪያ ለልጄ እፈራ ነበር፤ አሁን ለማላውቀው ልጅ። ወራቱን በጣቴ እቆጥራለሁ። አሁን ሰባት ወሯ ነው። አሁን ወልዳለች። አሁን አራስነቷን ጨርሳ ሕፃኑን ለብቻው ታስተኛለች፤ የት? የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ስለ መኪና አደጋ ከተወራ፣ «የት? መርሳ ነው?» ብዬ የምጠይቀው እኔ ነኝ። በሚኒባስ በዚያ ሳልፍ ደግሞ በቤቱ ተቃራኒ በኩል ተቀምጬ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

አንድ ቀን ውርጌሳ ለቅሶ ልደርስ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የተረፈው ወንበር አንድ ብቻ ነበር፣ በቤቱ በኩል፣ መስኮት ዳር። መርሳ ስንደርስ ዓይኔን ለመጨፈን ወሰንኩ፤ ዓይኔ ግን አልታዘዘኝም። ሰማያዊው መጋረጃዬ የፊት መስኮቱ ላይ ተሰቅሏል። አጥሩ ላይ ትንንሽ የሕፃን ልብሶች ተሰጥተዋል።

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ።

«እትዬ፣ ውርጌሳ አላሉም እንዴ?» አለ ረዳቱ። መልስ ሳልሰጠው ወረድኩ።

ያቺ ሙሽራ በረንዳው ላይ ወጣች፣ ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላለች። ጎልማሳ ሴት ሆናለች። ሰላምታም አልሰጠኋት። «ልጁን የት ነው የምታስተኚው?» አልኳት።

ምንም ሳትል በሩን ከፈተችልኝ። በመንገዱ በኩል ካለው ግድግዳ ጋር አሮጌ ጎማ ተደርድሯል፣ ከወለል እስከ ጣሪያ። መጋረጃው የተሰቀለው ከጎማዎቹ ጀርባ ነው፤ መንገድ ላይ ሆኖ ላየው ሰው ብቻ ነው ሳሎን የሚመስለው። የሕፃኑ አልጋ ኋላ ክፍል ይታየኛል። ግድግዳውን ተደግፌ ቁልቁል ተቀመጥኩ።

«ማን ነገራችሁ?»

«እርስዎ» አለችኝ። «እኔ የውርጌሳ መንገድ ዳር ልጅ ነኝ። ቡፌውን ስከፍት በብርጭቆዎቹ መሃል ጨርቁን አየሁት። እናቴም እንግዳ ሲመጣ እንደዚያ ታደርግ ነበር።»

«እያወቅሽ ነው የገዛሽው?»

«ጎሚስታ ከመንገድ ሸሽቶ የት ይገባል እትዬ? ባለቤቴ የገዛው መንገዱን ነው። ተሳቢ ፍጥነቱን የሚቀንስበት ቦታ ሲፈልግ ነበር የኖረው።» የሕፃኑን ማዘያ አጠበቀች። «ግን ጠይቄዎት ነበር። ልጅዎ እዚህ ነው የምትተኛው ብዬ። ይነግሩኝ እንደሆን ጠበቅኩ።»

ሰበብ ነበረኝ፤ ልጄ ነበረች ሰበቤ። ግን ልጇን አዝላ ለቆመች ሴት ያ እንዴት ይነገራል?

«ያን ቀን ሲመርቁን አሜን ያላልኩት ለዚያ ነው» አለች።

ከውጭ የሞተር ድምፅ ቀረበ። ቡፌው ውስጥ ብርጭቆዎቹ፣ ጨርቅ የሌለባቸው፣ ዳር ካለችው ጀምረው ተንቃጨሉ። እኔ ራሴን ደፋሁ፤ እሷ ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ታቀፈችው፣ ድምፁ እስኪያልፍም ጠበቀች። የመጨረሻዋ ብርጭቆ ዝም ስትል ሕፃኑን ወደ እኔ አቀረበችው።

«አሁን ይመርቁልኝ» አለች።

መዳፌን ዘርግቼ መረቅኩት። ስጨርስ ወዲያው አሜን አላለችም። መጀመሪያ ፊቴን ቆይታ አየችው።